ሦስተኛው ቋጠሮ

ሰው በራችንን አልፎ ሲገባ፣ ገና ሰላም ሳይለኝ ወገቡን እነግረዋለሁ። «ሰማንያ ሁለት» ካልኩ ሜትሩ ሲጠመጠም ሰማንያ ሁለት ነው። ካፖርት ቢደርብ፣ ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ቢያስገባ፣ ሁለት ሹራብ ደራርቦ ቢመጣ እኔን አይሸውደኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤት ተሰነባብተናል፤ አስተማሪዎቼም አላለቀሱ፣ እኔም አላለቀስኩ። በሰው ሆድና ወገብ ጉዳይ ግን ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ዓይኔ የተደበቀ ነገር እስካሁን የለም።

ይኸው ዓይን ስምንት ዓመቱ ላይ ያየውን ላጫውታችሁ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ያኔም አሁንም ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ወደ መንገድ የሚከፈት የስፌት ክፍል፣ የኋለኛው መኝታ፣ መሃላቸው ላይ ወፍራም ቡናማ መጋረጃ። የፊተኛው ክፍል በካውያ የሞቀ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ወለሉ ላይ ክር አይጠፋም፤ ማታ እግሬን ስታጠብ ከጣቶቼ መሃል የሰው ሁሉ ቀሚስ ቀለም ይወጣል።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ የደንበኞቿን ልክ ወረቀት ላይ አትጽፍም፤ ሲባጎ ላይ ትቋጥራለች። ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ረጅም ሲባጎ አላት። ከጫፉ ተነስታ ትከሻዋን ትለካና ትቋጥራለች፤ ከዚያ ቋጠሮ ተነስታ ደረቷን፤ ሦስተኛው ቋጠሮ ወገብ ነው፤ አራተኛው ዳሌ። መጨረሻ ላይ ለሴትየዋ ከሰፋችላት የመጀመሪያ ቀሚስ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ ታስርበትና ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ግድግዳችን ዳር እስከ ዳር ሲባጎ ነበር። እማዬ ጨርቁን አይታ የማን እንደሆነ ትናገራለች፤ ሲባጎውን በጣቷ ስባ ደግሞ ሴትየዋ ፊቷ የቆመች ያህል መቀሷን ታነሳለች። በዓይኗ አታምንም። «የሚሆን መሰለኝ ብዬ ጨርቅ አልቆርጥም» ትላለች፤ ዛሬም።

መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ ቤት አለ። የዳቦ ቤቷን ባለቤት እኔ «እትዬ ዳቦ» ነው የምላት፤ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ከጀርባዋ። ወፍራም፣ ክንዷ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ፣ ድምጿ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን «የእትዬ ዳቦ ሲባጎ ቢዘረጋ መንገዱን ተሻግሮ ምድጃዋ ውስጥ ይገባል» ብዬ ስስቅ፣ ለካ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ምላሳም!» አለችኝ። «የኔስ መንገድ ይሻገራል። ያንቺ ለጫማ ማሰሪያም አይበቃ!»

ልክ ነበረች፤ የነደደኝም ለዚያ ነው። የኔ ሲባጎ ከታች፣ ካውያው አጠገብ፣ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ታስሮለት ተንጠልጥሏል። ከዓመት በላይ አልተነካም። ቀሚስ ሲያጥረኝ እማዬ ከሥሩ የሌላ ጨርቅ ቅጣይ ትጨምርበታለች እንጂ አትለካኝም። «ለኪኝ» ስላት «አላደግሽም፤ ዞር በይልኝ» ትላለች፤ አፏ ውስጥ ያለውን ስፒል ሳታወጣ።

የአክስቴ ሲባጎ ግን በየሳምንቱ ይለወጥ ነበር።

አክስቴ የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ አብራን ትኖራለች፣ ከእማዬ ጎን ሁለተኛዋ መኪና ላይ ትሰፋለች። ያኔ ዕድሜዋ ልክ የኔ የአሁኑ ነበር። ቆንጆ ናት፤ ይህን መናገር ዛሬም ጥርሴን ያስነክሰኛል። በዚያ ዓመት ወንዙ ላይ ድልድይ ሊሠሩ ከመጡት ሰዎች አንዱ ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ቤታችን መጣ። አክስቴ አሳጠረችለት። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ፤ «ትንሽ ይጨመርበት» አለ። በሦስተኛው ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ወጣ፤ ሰውየው ግን አሁንም ረዝሟል ባይ ነው። በመጣ ቁጥር ለኔ ከረሜላ ይሰጠኝና «እስኪ በር ላይ ሆነሽ ዝናብ መምጣቱን እዪልኝ» ይለኛል። በጋ ነው እኮ! እኔ ግን ከረሜላዬን እየመጠጥኩ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። የሚመጣው ለኔ ይመስለኝ ነበር። አክስቴን ሲያያት ደግሞ፣ ለኔ የተሰጠኝን ነገር ከእጄ የምትነጥቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ድልድዩ አለቀ፤ ሰውየውም ሄደ። አንድ ሱሪ ምስማራችን ላይ ቀረ። ሹፌሩ አባቴ ከረጅም መንገድ ሲመለስ ሊለብሰው ሞከረና አጠረው።

ከዚያ አክስቴ ታመመች ተባለ። እኔ ያየሁት ግን እንዲህ ነው፦ አንድ ማለዳ መኪናዋ ጨርቅ ለበሰች፣ አክስቴ መጋረጃው ኋላ ገባች፣ ከዚያ አልወጣችም። ለሰፈሩ «አጎቷ ዘንድ ሄዳለች» ተባለ። እኔን እማዬ ሁለት ትከሻዬን ይዛ «ሳል ይዟታል፤ ልጅ ላይ የሚዘል ሳል ነው። እዚህ መሆኗን ለሰው ብትናገሪ ሐኪሞች መጥተው ይወስዷታል» አለችኝ። ቢወስዷት ደስ ባለኝ። የተናገርኩ እንደሆነ የምመታው እኔ ነኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

የምን ሳል! አንድ ቀን ስትስል አልሰማሁም። ወተት ይገባላታል፣ እንቁላል ይገባላታል፣ እየወፈረች ነው። በየአርቡ ከሰዓት በኋላ እማዬ የመንገዱን በር ዘግታ፣ አረንጓዴ ቁራጭ ያለበትን የአክስቴን ሲባጎ ከምስማሩ አውርዳ ትገባለች። መጋረጃው ላይ በካውያ የተቃጠለች የጥፍር ያህል ቀዳዳ ነበረች፤ ዓይኔን እዚያ እለጥፋለሁ።

እማዬ ተንበርክካለች። ሁለት እጇን በአክስቴ ወገብ ዙሪያ አሳልፋ ሲባጎውን ከኋላ ታገናኛለች። ጉንጯን ሆዷ ላይ ለጥፋ ትቆያለች። እኔን ስትለካኝ እንደ በግ አገላብጣ ነው፤ እሷን ግን እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ፣ ቀስ።

«ሁለት ጣት ጨምሯል» ትላለች እማዬ።

«እቴቴ፣ ይበቃል፤ በግምት አድርጊው» ትላለች አክስቴ።

«በግምት! ቅዳሜ ዕለት ያች የክር ነጋዴ ገብታ ከላይ እስከ ታች ስታየኝ ግምቱ ያድነኛል? ቀሚሱ አንድ ጣት ቢዛነፍ ነው የሚነቃብን። ዝናቡ እስኪገባ ቻይው፤ ከዚያ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ።»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። እኔ የምትስቅ ይመስለኛል።

ደመርኩና ቀነስኩ፤ ያኔ ገና ትምህርት ቤት ነበርኩ። በየሳምንቱ ልኬት፣ ወተትና እንቁላል፣ ከአልጋው ሥር አንድ ጆንያ ጥጥና ነጭ ጨርቅ፣ «ዝናቡ እስኪገባ» የሚባል ቀጠሮ። ይሄማ ሠርግ ነው! አክስቴ ተደብቃ እየተቀለበች፣ በድብቅ የሙሽራ ቀሚስ እየተሰፋላት ነው። ለኔ አልተነገረኝም፤ ምክንያቱም እኔ አልፈለግም።

በዚህ ላይ የእማዬ ሆድ መጣ።

«ወንድም ወይ እህት ሊመጣልሽ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኔን ሳታይ።

«ማን ጠየቀ?» አልኳት።

ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ ነበር፤ አባቴ ከመንገድ ያመጣው፣ «ያንቺ ነው፣ ሽንሽን ቀሚስ ይሆንሻል» የተባልኩት። ማታ ማታ ጥቅሉን ከፍቼ እዳስሰው ነበር። እማዬ አንድ ጠዋት መቀሷን አንስታ፣ ለራሷ ድንኳን የሚያህል ሰፊ ቀሚስ አደረገችው። ገና ያልተወለደ ሰው ጨርቄን ወሰደብኝ! ሆዷ ላይ ያሉትን ነጭ ነጠብጣቦች እየቆጠርኩ በልቤ «ይቺም የኔ፣ ይቺም የኔ» እል ነበር።

ልነካው ስል ደግሞ እጄን በጥፊ ትመታዋለች። «አትንኪ! ያመኛል!» ድሮ ጭኗ ላይ ነበር የምተኛው፤ እሱም ቀረ። አንድ ቀን አባቴ ጫማውን እያወለቀ «ልጁ በኔ ስም ይጠራል፤ አለቀ፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ስለዚያ ሰውዬ አትነጋገሩ» ሲል ሰማሁ። እማዬ እጁን ስማ አለቀሰች። እኔ በስሙ ስጠራ ማንም አላለቀሰም።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ያገኘሁትን። ትምህርቴን ትቼ የአክስቴ መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሰሞን ገበር ፍለጋ የእማዬን ሳጥን ስበረብር ከሥሩ አንድ ነገር አወጣሁ። ከነጭ ጨርቅ የተሰፋ፣ በጥጥ የተሞላ፣ ከጎንና ከጎኑ አራት ማሰሪያ ያለው፣ ክብ፣ ከበድ ያለ። ጠርዙ በእጅ ተለቅሟል፤ ስፌቱ የሙሽራ ቀሚስ ላይ እንኳ እንደዚያ አላየሁም። ማንም ለማያየው ነገር!

እማዬ ይዤው ስታየኝ መኪናዋን አቆመች። «ሆዴ ነው» አለችኝ። በሩን ዘጋችና ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስለ ድልድዩ ሰውዬ፣ ስለ አክስቴ፣ አባቴ ስላለው። «ሳታገባ ወለደች ተብላ የሰፈሩ አፍ ሲያኝካት ከማይ፣ ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛ ልጅ ወለደች ቢባል ምን ይጎዳኛል ብዬ ነው። አንዲት ሴት ብትነቃ ግን አክስትሽም አበቃላት፣ ልጅቷም ዕድሜ ልኳን አባት የሌላት ተባለች።» በየአርቡ አክስቴን የምትለካው ለዚህ ነበር። ማታውኑ ጥጡን አውጥታ፣ በአክስቴ ሦስተኛ ቋጠሮ ልክ ሆዱን እንደገና ትሰፋዋለች። ሌላ ሴት ትራስ አስራ ትወጣ ነበር። እማዬ ግን እማዬ ናት፤ ውሸቷንም በልክ ነው የምትሰፋው።

ይህን ሁሉ የስምንት ዓመቷ እኔ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንጀቴ እያረረ መሆኑን።

ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንድ አርብ እማዬ አክስቴን ለካች፣ ሲባጎውን ሰቀለች፣ ክር ልትገዛ ወጣች። ወንበር ላይ ወጣሁ። አረንጓዴውን አወረድኩ። ሦስተኛውን ቋጠሮ በመርፌ ጫፍ ፈለቀቅኩና አራት ጣት ወደ ኋላ መልሼ ቋጠርኩት፤ ጠበቅ አድርጌ፣ በጥርሴም ጭምር። የሙሽራ ቀሚሷን ስትለብስ ወገቧ ላይ ቷ! ብሎ ሲተረተር በዓይኔ እያየሁ ነበር የምቋጥረው። ሰው ሁሉ ሲስቅባት። ከወገቧ የነጠቅኩት አራት ጣት ዳሌዋ ላይ እንደሚጨመርም ገብቶኛል። እሰይ! ዳሌያም ሙሽራ!

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በሴት ተሞላ። ሁለት ልብስ የሚለኩ፣ አንዷ ቁልፍ የምታስተክል፣ ክር ነጋዴዋ ደግሞ ሸቀጧን ይዛ። የክር ነጋዴዋ ቀጭን ናት፤ ዓይኗም እንደ መርፌዋ ነው። እትዬ ዳቦ የሽርጥ ገመዷ ተበጥሶ ልታስተክል ገብታ ጥጉ ላይ ወንበሩን ሞልታ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትኩስ ዳቦ። እማዬ ሁልጊዜ «ከእትዬ ፊት አፍሽን ያዢ፤ እሷ የሰማችውን ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ይሰማዋል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ የቤታችን ጠላት እሷ ናት ብዬ መዝግቤያታለሁ።

እማዬ ከመጋረጃው ወጣች፤ ሰማያዊውን ድንኳን ለብሳ። ሌሊቱን ስትሰፋ አምሽታ ዓይኗ ቀልቷል።

የክር ነጋዴዋ ቀና አለች። «እንዴ!» አለች። «አንቺ፣ ሆድሽ የት ሄደ?»

እማዬ ወደ ታች አየች። ሰው የራሱን ሆድ ከላይ ሲያየው ምኑንም አይለይም። «የት ይሄዳል» አለች።

«ሐሙስ መንገድ ላይ ሳይሽ እዚህ ድረስ ነበር እኮ!» በእጇ አየር ላይ አሳየች። «እዩትማ እናንተ! ቀንሷል። ሆድ ይቀንሳል እንዴ?» ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ቁልፍ የምታስተክለዋ ዞረች። ሁለቱም ሴቶች ዞሩ። ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። የእማዬ እጅ ሲባጎ ይዞ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ከንፈሯ ደረቀ። እኔ የፈራች አልመሰለኝም። ያፈረች መሰለኝ፤ ምን እንዳሳፈራት ግን አልገባኝም። አሁን ሳስበው፦ አራት ጣት! የሰው ሕይወት በአራት ጣት ላይ ተንጠልጥላ፣ የቋጠርኳት እኔ።

እትዬ ዳቦ ከወንበሯ ተነሳች፤ ወንበሩም አብሯት ትንሽ ተነሳ። በሁለት እርምጃ እማዬ ፊት ደረሰች። እማዬ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ መቁረጫው ጠረጴዛ ያዛት።

«ቁሚ እስኪ» አለችና ዱቄታም እጇን ያ ሰማያዊ ሆድ ላይ ዘረጋችው። አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ጫን አደረገች። ፊቷ ላይ ለአፍታ አንድ ነገር መጣና ሄደ። ከዚያ ያ ሦስት ቤት የሚያልፈው ድምጿ ወጣ።

«ተገልብጦ ወደ ጀርባዋ ዞሮ ነው እንጂ ምን ቀነሰ! የኔ አራተኛው ልክ እንዲህ ነበር፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ሆዴ ጠፍቶ ባሌ የት ጣልሽው ሲለኝ ነበር። ቆይ ቆይ... ውይ! ውይ ሞትኩ! ረገጠኝ እኮ! ይቺን እግር! ኳስ ተጫዋች ነው የያዝሽው!»

ሴቶቹ ሳቁ። የክር ነጋዴዋ እጇን ዘረጋች፤ «እስኪ እኔም ልዳስስ።»

እትዬ ዳቦ እጇን በጥፊ አለቻት። «ሰብስቢ! የሰው ሆድ ሊጥ ነው ሁሉም የሚያቦካው? ያ ቀዝቃዛ እጅሽ ልጁን ሊያስደነግጥ!»

እዚህ ላይ ነው እኔ የፈነዳሁት። እኔ! እኔ የጨርቁ ባለቤት፣ እኔ የመጀመሪያ ልጅ፣ ጣቴን ሳስጠጋ በጥፊ የምባለው! ለእትዬ ዳቦ ግን ቆሞ ይዳሰሳል፣ ይራገጣልም! ገና ሳይወለድ ከኔ እሷን መረጠ!

«ለኔ ከልክለሽኝ ለሷ!» ብዬ ጮህኩ። እንባዬና ንፍጤ አንድ ላይ ወረዱ። «እኔን አትለኪኝም፣ አታስነኪኝም! አክስቴን ግን በየአርቡ—»

ትኩስ ዳቦ አፌ ውስጥ ተወተፈ። ግማሹ። እትዬ ዳቦ አገጬን ከሥር ይዛ ዘጋችው።

«ይቺ ልጅ ርቧታል» አለች ለቤቱ ሁሉ። «ልጅ ሲርበው የማይለው የለም። ብይ፤ አላምጪ፤ ዋጪ። በሉ እናንተም ዛሬ ይቺን ሴት አታድክሟት፤ የቸኮለ ይለካ፣ ያልቸኮለ ሰኞ ይምጣ። አንቺም ክርሽን ይዘሽ ውጪ፣ እኔ ጋ ሻይ አለ፤ ነይ።» የክር ነጋዴዋን በክንዷ አቅፋ፣ ማለትም እየገፋች፣ መንገዱን አሻገረቻት።

እኔ ዳቦውን እያኘክሁ ጠላኋት። ለአሥራ አንድ ዓመት ያላቋረጠ ጥላቻ ነው፤ በመሃል ዳቦዋን ስበላ እንኳ።

ሴቶቹ ሲወጡ እማዬ በሩን ዘጋችና መጋረጃው ኋላ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ አረንጓዴው ሲባጎ እጇ ላይ ነበር። ሦስተኛውን ቋጠሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርባ አየችው፤ አራት ጣት ርቆ ሲባጎው የተልፈሰፈሰበትን፣ የድሮው ቋጠሮ የነበረበትን ቦታ፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ የኔን ጥርስ ምልክት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ካውያውን አየሁ፣ መጥረጊያውን አየሁ፤ በየትኛው እንደምመታ ልቤ ሲመርጥ እማዬ መሬት ላይ ተንበረከከች። ፊቷ ፊቴ ጋ እኩል ሆነ።

«ነይ» አለችኝ።

አዲስ ሲባጎ ከጥቅሉ ቆረጠች። ትከሻዬን ለካችኝ። ደረቴን ለካችኝ። ሁለት እጇን በወገቤ ዙሪያ አሳልፋ ከኋላዬ አገናኘችና እዚያው ቀረች፤ ጉንጯ ሆዴ ላይ። ቀስ፣ ቀስ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«አድጌያለሁ?» አልኳት።

«በጣም» አለችኝ። «እኔ ነኝ ሳላይሽ የቀረሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ አክስቴ ታለቅሳለች። «ምን ሆነች?» ስል እማዬ «ሳሉ ነው» አለች። እኔ ደግሞ በልቤ፦ ቀንታ ነው! አሸነፍኳት! ያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሲባጎ አልነካሁም፤ የሚያስነካኝ ምን አለ?

ዝናቡ ሲገባ አባቴ የጭነት መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ እማዬን ጎህ ሳይቀድ «ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ» ወሰዳት። አክስቴም ብርድ ልብስ ተከናንባ ከኋላ ገብታ ነበር። እኔን እትዬ ዳቦ ቤት አሳደሩኝ፤ ይታያችሁ፣ ጠላቴ ቤት! አራት ቀን ሙሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ለመናገር አፌን ስከፍት ዳቦ ትሰጠኛለች።

ሲመለሱ እማዬ ሆዷ ጠፍቷል፣ እጇ ላይ ፊቷ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነ ቀይ ሕፃን አለች። ቁልፊት ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በክፋት ነበር፣ ግን ጸናባት። አክስቴ ደግሞ «ከአጎቷ ቤት ተመለሰች» ተባለ፤ ገርጥታለች፣ ደረቷ በሰፊ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ ሸሚዟ ላይ ሁለት እርጥብ ክብ። ወተት የደፋችበት መስሎኝ «ዝርክርክ!» አልኳት።  ቁልፊት ስታለቅስ እማዬ ለአክስቴ አሳልፋ ትሰጣታለች፤ ሁለቱ መጋረጃው ኋላ ይገባሉ፤ ጸጥታ። እኔም ባዶ የቀረው የእማዬ ጭን ላይ ዘልዬ እወጣለሁ። ምን ዓይነት ጥሩ ዝግጅት! ሕፃኗ ለአክስቴ፣ እማዬ ለኔ። ያን ሰማያዊ ድንኳን እማዬ ተርትራ ሽንሽን ቀሚስ ሠራችልኝ፤ ለዕድገት ብላ ከሥሩ አንድ ስንዝር አጠፈችበት። ሦስት ዓመት ለበስኩት።

አክስቴ በሁለተኛው ዓመት የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ደግ ሰው አገባችና ሌላ ከተማ ሄደች። የሄደች ዕለት በር ላይ ቁልፊትን አቅፋ አልለቅም አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቀችላት እማዬ ናት። እኔ ቀሚሷን እየጎተትኩ «እኔንስ? እኔን አታቅፊኝም?» እል ነበር። አቀፈችኝ። አሁንም ስትመጣ ለሁለታችንም እኩል ስጦታ ታመጣለች፤ ደብተር ለቁልፊት፣ ለኔ መቀስ። ዓይኗ ግን እኩል አይደለም። አውቃለሁ እኮ ለምን እንደሆነ! አውቄም ይቆረቁረኛል፤ እሷ ሁለት እናት፣ እኔ አንድ፣ ያችኑም ተካፍዬ። ቁልፊት እስካሁን አታውቅም። የምትነግራት አክስቴ ራሷ ናት፤ ልጅቷ ስትደርስ።

እስከዚያ ድረስ የምሥጢሩ ዘበኛ እኔ ነኝ ብያለሁ። በተለይ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሴትዮ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዳቦ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ክንዷ ግን ያው ዱቄታም ነው። እማዬ ገበያ ሄዳለች። ቁልፊት ደብተሯን ይዛ ከመጋረጃው ወጣች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ደህና አደርሽ እትዬ» ብላ አልፋን ወደ መንገድ ወጣች። ያቺ የአንገት ሰበር ማለት ቁርጥ አክስቴ ናት። እትዬ ዳቦ እስክትርቅ በዓይኗ ሸኘቻት።

«አክስቷን አይደል እንዴ ቁጭ» አለች።

 የዘበኛነቴ ሰዓት ደረሰ! ወዲያው ምላሴን ሳልኩ።

«ኧረ ምን በወጣት! እማዬን ናት የምትመስለው! እማዬ ስታረግዛት እንዴት እንደተሠቃየች ረሳሽው እንዴ እትዬ? እግሯ አብጦ፣ ሆዷ ይህን አክሎ! ይልቅ ሲራገጥ የዳሰስሽው አንቺ ራስሽ አይደለሽ? ኳስ ተጫዋች ነው ብለሽ!» እንዲህ ብዬ ሳቅሁ፤ በጣም የተዋጣልኝ መሰለኝ። ወሬውንም ላስቀይር ብዬ፦ «ያንቺን ልክ ሳልነካሽ ልንገርሽ? ወገብ መቶ አራት። ሜትር አያስፈልገኝም፤ ከዚህ ዓይን የሚደበቅ የለም።»

እትዬ ዳቦ ቀስ ብላ ያንኑ ጥጉ ላይ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወደ መጋረጃው አየች፣ ወደ ግድግዳው ሲባጎዎች አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «ጥጥ ሲራገጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? በይ፣ ሜትርሽን አምጪና እንደ ሰው ለኪኝ።»